1,900 ኪሎ ሜትር ለአደን፦ በመኪና ወይስ በአውሮፕላን?

ጥያቄ፦ «እኔና ሁለት ጓደኞቼ በሚቀጥለው የአደን ወቅት ኤልክ የሚባለውን ትልቅ አጋዘን ለማደን አስበናል። ከቤታችን እስከ አደን ቀጠናው 1,900 ኪሎ ሜትር ነው፣ የአገር ድንበር አንሻገርም። የአደን ፈቃዱ ለ7 ቀን ነው፤ ከሥራ ያገኘነው ዕረፍት 11 ቀን። እኔ በአውሮፕላን ብንሄድ ደርሶ መልስ 3 ቀን እናተርፋለን ባይ ነኝ። ለእያንዳንዱ ሰው 5 ኪሎ ጥይት ስለሚፈቀድ የሦስታችንን 15 ኪሎ በአንድ ሳጥን አድርገን እንወስዳለን፤ ሥጋውንም በበረዶ ሳጥን አድርገን እንደ ሻንጣ እንጭነዋለን። አንዱ ጓደኛዬ ግን ጥይቱ አየር ላይ በግፊት ለውጥ ይፈነዳል ብሎ በመኪና ካልሆነ አልሄድም ይላል። ጭንቅላቱን ከነቀንዱ ይዘን መጥተን ቤት ልናጸዳው አስበናል። የቱ ይሻለናል?»

ምላሽ፦ ጓደኛህ የሰጠው ምክንያት ስህተት ነው፤ የደረሰበት ውሳኔ ግን ልክ ነው። ለእናንተ የሚሻለው መኪና ነው፤ የሚሻልበት ምክንያት ግን ከጥይቱ ጋር ምንም አይገናኝም።

በቅድሚያ ጊዜውን እንመልከት። 3 ቀን እናተርፋለን ያልከው የበረራውን ሰዓት ብቻ ከሙሉ የመኪና ጉዞ ጋር ስላነጻጸርክ ነው። ሁለቱንም ከቤት ደጃፍ እስከ ድንኳን መትከያው ድረስ ቁጠራቸው። አውሮፕላን ማረፊያ ለመድረስ 1 ሰዓት ተኩል ያዝ። ጠመንጃ የያዘ መንገደኛ መሣሪያውን በአካል ቀርቦ ማስመዝገብና ማስፈተሽ ስላለበት 2 ሰዓት ተኩል ቀድሞ መገኘት አለበት። አንድ ትራንዚት ያለው በረራ 6 ሰዓት ተኩል፣ ጠመንጃውን መረከብ 1 ሰዓት፣ መኪና መከራየት 1 ሰዓት፣ በአውሮፕላን የማይጫነውን ጋዝ፣ ምግብና ውሃ መሸመት 1 ሰዓት ተኩል፣ ከዚያ እስከ ቀጠናው ሌላ 4 ሰዓት። ይህ 18 ሰዓት ነው። በመኪና ነዳጅ መቅጃውና ምግቡ ተጨምሮ በአማካይ በሰዓት 85 ኪሎ ሜትር ብትሄዱ 22 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወስዳል፤ መሐል ላይ አንድ ሌሊት ታድራላችሁ። ስለዚህ አውሮፕላኑ የሚያተርፍላችሁ ደርሶ መልስ ቢበዛ 2 ቀን ነው፤ እሱም ሻንጣው በሰዓቱ ከደረሰ ነው። 11 ቀን ደግሞ 2፣ 7 እና 2 ተብሎ ልክ ይከፈላል።

ይሁን እንጂ የ7 ቀን ፈቃድ 7 የአደን ቀን ማለት አይደለም። በ7ኛው ቀን ማታ የተገደለ ኤልክ ተገፍፎ፣ በብልት ተለያይቶ ከጫካ ሲወጣ ሌሊቱ ይነጋል፤ ያልቀዘቀዘ ሥጋ ይዞ ደግሞ ረጅም መንገድ አይጀመርም። በየትኛውም መንገድ ብትሄዱ የመጨረሻው የአደን ሰዓታችሁ የ6ኛው ቀን ማታ እንዲሆን አስቡ፤ 7ኛው ለሥጋ ማውጫና ማቀዝቀዣ ይቅር።

የጥይቱ ፍርሃት ከመሠረቱ መሠረት የለውም። የመንገደኛ አውሮፕላን የጭነት ክፍል ግፊቱ እንደ መንገደኛው ክፍል የተጠበቀ ነው፤ ግፊቱ ቢቀንስ እንኳ ጥይት የሚተኮሰው ማቀጣጠያው ሲመታ ወይም በኃይል ሲግል እንጂ በግፊት ለውጥ አይደለም። ደንቡ ጥብቅ የሆነው በሌላ በኩል ነው። በዓለም አቀፉ የአየር ማጓጓዣ ደንብ አንድ መንገደኛ በአየር መንገዱ ፈቃድ፣ በሚጫን ሻንጣ ብቻ፣ ለራሱ የሚሆን እስከ 5 ኪሎ ጥይት ይይዛል። 5 ኪሎው ማሸጊያውን ይጨምራል። የብዙ ሰው ድርሻ በአንድ ላይ ማሸግ ደግሞ በግልጽ የተከለከለ ነው፤ የ15 ኪሎው ሳጥን ቼክኢን ላይ ይቀራል። ለመሆኑ 15 ኪሎ ጥይት ለምን? 20 ጥይት የያዘ የ.30-06 (የተለመደ የአደን ጠመንጃ ጥይት) ፓኮ ወደ 600 ግራም ነው፤ በ5 ኪሎ ከ150 በላይ ጥይት ይያዛል። ለአንድ ኤልክ አዳኝ መሞከሪያውን ጨምሮ 40 ይበቃዋል። 5 ኪሎ የሚያንሰው ለወፍ አዳኝ ነው፦ ባለ 25 የ12 ጌጅ የሾትጋን ጥይት ፓኮ ከ1 ኪሎ ስለሚያልፍ 4 ፓኮ ላይ ያበቃል።

ሰው ሳያስበው የሚወረስበት ዕቃ ይልቅ ሌላው ነው። የካምፕ ምድጃ ጋዝ፣ የድብ መከላከያ ስፕሬይ፣ ልቅ ባሩድ፣ ለብቻው የተያዘ የጥይት ማቀጣጠያና ተቀጣጣይ የመሣሪያ ማጽጃ ስፕሬይ በእጅም በሚጫን ሻንጣም አይገቡም። ነዳጅ የሚሸት ያገለገለ ምድጃ ባዶ ቢሆንም ይመለሳል። የእጅ ባትሪና የጂፒኤስ ትርፍ ሊቲየም ባትሪዎች፣ ፓወር ባንክም፣ ከእናንተ ጋር ወደ ካቢን መግባት አለባቸው፤ ከ100 ዋት ሰዓት በታች ከሆኑ በተለምዶ ችግር የለም። 10,000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሆነ ፓወር ባንክ 37 ዋት ሰዓት ነው።

አሁን ነገሩን ወደሚወስነው ጉዳይ እንምጣ፤ እሱም ሥጋው ነው። ከአጥንት የተለየ የአንድ ኤልክ ሥጋ እንደ ዕድሜውና ጾታው ከ60 እስከ 110 ኪሎ ይሆናል። ከሦስታችሁ ሁለታችሁ ቢቀናችሁ 170 ኪሎ ብላችሁ ያዙ። የአብዛኛው አየር መንገድ የሻንጣ ክብደት 23 ኪሎ ነው፤ ተጨማሪ ተከፍሎም ከ32 ኪሎ በላይ የሆነ አንድ ሻንጣ በአብዛኛው አይቀበሉም። ወፍራም ግድግዳ ያለው 57 ሊትር ገደማ የሚይዝ ጠንካራ የበረዶ ሳጥን ባዶውን ወደ 13 ኪሎ ይመዝናል። ለሥጋው የተረፈው 10 ኪሎ ነው። 170 ኪሎ ለማምጣት 17 ሳጥን ሊያስፈልጋችሁ ነው! በቀላል የጨርቅ ማቀዝቀዣ ቦርሳ ወይም ውስጡ በፎም በተለበጠ ካርቶን ብታሽጉት፣ ማሸጊያው 2 ኪሎ ቢሆን በአንዱ 21 ኪሎ ይገባል፤ እንዲያም ሆኖ 8 ወይም 9 ተጨማሪ ሻንጣ ነው። በዚያ ላይ አየር መንገዶች በተጨናነቀ ወቅት ተጨማሪ ሻንጣ የሚገድቡበት ጊዜ አለ።

ደረቅ በረዶም፣ ማለትም የረጋ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አያድናችሁም። የሚፈቀደው ለአንድ ሰው 2.5 ኪሎ ነው፤ አየር መንገዱ ቀድሞ ማወቅ፣ ዕቃው ላይ መጻፍ፣ ማሸጊያውም ጋዝ የሚያስወጣ መሆን አለበት። ሙቀቱ ከዜሮ በታች 78.5 ዲግሪ ሆኖ ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ስለሚለወጥ፣ ግጥም ተደርጎ የታሸገ ሳጥን ሊፈነዳ ይችላል። በበረራ ሥጋ የሚመጣበት ትክክለኛ መንገድ እዚያው ቢያንስ 2 ቀን በጥልቅ ማቀዝቀዣ ድንጋይ እስኪሆን አድርቆ፣ ቦርሳውን ምንም ባዶ ቦታ ሳይተዉ ሞልቶ፣ ያለ በረዶ መጫን ነው። ሞልቶ የታሸገ ድርቅ ያለ ሥጋ ራሱ በረዶ ነው፤ አንድ ቀን ሳይቀልጥ ይቆያል። ግን ለማድረቅ የሚሄደው 2 ቀን በአውሮፕላን አተረፋችሁ የተባለው 2 ቀን መሆኑን ልብ በሉ።

መኪና ላይ የበረዶው ሒሳብ የተሻለ ነው። 1 ኪሎ በረዶ ሲቀልጥ 6 ኪሎ ያህል ሥጋ ከ20 ዲግሪ ወደ 4 ዲግሪ የሚያወርድ ሙቀት ይስባል። ስለዚህ 170 ኪሎ ለማቀዝቀዝ 30 ኪሎ ገደማ ይሄዳል፤ ሳጥኖቹ በየግድግዳቸው በየቀኑ ለሚያስገቡት ሙቀት ደግሞ ሌላ 15 ኪሎ ጨምራችሁ በ45 ኪሎ ጀምሩ፤ መንገድ ላይ ሲያንስ ትሞላላችሁ። ሌሊቱ ከ4 ዲግሪ በታች የሚወርድ ከሆነ ሥጋውን በጨርቅ ከረጢት ጥላ ውስጥ ሰቅላችሁ አሳድሩት፤ ግማሹን ሥራ አየሩ ይሠራላችኋል። ትልቁ ጥፋት ሥጋው የቀለጠ በረዶ ውሃ ውስጥ መዋኘቱ ነው። የሳጥኑን የውሃ መውጫ ወደ ቁልቁል አዙራችሁ ክፍት ተዉት፣ ሥሩ ላይ ፍርግርግ ነገር አድርጉ፣ በረዶውን በፕላስቲክ ጠርሙስ የቀዘቀዘ ውሃ ብታደርጉት ደግሞ ከጣጣው ሁሉ ትገላገላላችሁ። ደረቅ በረዶ በመኪና መያዝ ይቻላል፤ ሆኖም ሰው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ አይሁን። 1 ኪሎው ግማሽ ሜትር ኩብ ያህል ጋዝ ይሆናል፤ መስኮት ዘግታችሁ ከተጓዛችሁ ሾፌሩን ራሱን ያደነዝዘዋል።

መኪናውም ግን ያለ ገደብ አይደለም፣ ገደቡም የሚታየው ሲመለሱ ነው። ፒክአፓችሁ የመሸከም አቅሙ 600 ኪሎ ነው እንበል፤ ትክክለኛውን ቁጥር በሾፌሩ በር መቃን ላይ ከተለጠፈው ወረቀት አንብቡ። ሦስት ሰው ከነልብሱ 270 ኪሎ፣ ስትሄዱ 200 ኪሎ የነበረው ዕቃ ምግቡና ውሃው አልቆ 130፣ ሥጋ 170፣ ሦስት ባዶ ሳጥን 45፣ በረዶ 45። ድምሩ 660 ነው። ስትሄዱ የተመቸው መኪና ሲመለስ 60 ኪሎ ይበዛበታል፤ ፍሬኑ ይረዝማል፣ የኋላ ጎማው ይግላል፤ ረጅም ቁልቁለት ላይ ደግሞ ያኔ ነው የሚታወቀው። ትርፉን ፖርቶመጋላ ላይ መስቀል መፍትሔ አይደለም፤ የብዙ መኪና ጣሪያ የሚችለው ከ75 እስከ 100 ኪሎ ነው፣ ክብደቱም ከዚያው ከ600ው ውስጥ ይቆጠራል፣ መኪናውንም ጭንቅላቱ ከባድ ያደርገዋል። ትንሽ ተሳቢ ያዙ። 300 ኪሎ በተሳቢው ላይ ብታደርጉ መንጠቆው ላይ የሚያርፈው 10 በመቶ ያህሉ፣ ማለትም 30 ኪሎ ብቻ ነው። ለተሳቢው የራሱን ስኮርታና የጎማ መፍቻ መያዝ አትርሱ፤ የመኪናው ስኮርታ በአብዛኛው አይገጥመውም። የጎማ ንፋስ የሚለካው ጠዋት ጎማው ሳይግል ነው፤ ለሙሉ ጭነት የተጻፈውን ቁጥር ተከተሉ።

ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ድካም ነው፤ እሱም የሚመጣው ሲመለሱ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሳይነጋ የተነሣ፣ ሥጋ በጀርባው የተሸከመ ሰው መሪ ሲይዝ እንደ ሄደበት ቀን አይደለም። 17 ሰዓት ያህል ያልተኛ ሰው የመንዳት ብቃቱ በደሙ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚወርድ ተለክቷል። ከሌሊቱ 8 እስከ 12 ሰዓትና ከሰዓት በኋላ እንቅልፍ የሚጫንበት ሰዓት አደገኛ ነው፤ ማታና ንጋት ደግሞ የዱር እንስሳ መንገድ የሚያቋርጥበት ነው። ሦስት ሾፌር ብትሆኑም ሌሊቱን ሙሉ እየተቀያየራችሁ አትንዱ፤ በሚሄድ መኪና ውስጥ የተገኘ እንቅልፍ እንቅልፍ አይባልም። በየ2 ሰዓቱ ተቀያየሩ፣ በቀን ከ13 ሰዓት አትለፉ፣ ማታ አልጋ ላይ ተኙ። ስታድሩ ጠመንጃውን መኪና ውስጥ አትተዉት።

ጭንቅላቱን ከነቀንዱ ቤት ወስዶ ማጽዳቱን ግን ከአሁኑ ሰርዙት። በአጋዘን ዝርያዎች ላይ አንጎልን የሚያጠፋ፣ መድኃኒት የሌለው የማመንመን በሽታ አለ፤ በ1967 ኮሎራዶ ውስጥ ታወቀ፣ በ2016 ኖርዌይም ተገኘ። ምክንያቱ የተበላሸ ፕሮቲን ስለሆነ በተለመደ ማብሰልም በማቀዝቀዝም አይጠፋም፣ አፈር ውስጥም ለዓመታት ይቆያል። ስለዚህ ብዙ የአደን አስተዳደሮች አንጎልና አከርካሪ ከክልል ክልል እንዳይሻገር ከልክለዋል፤ ሕጉ በሚነሡበትና በሚደርሱበት ክልል ብቻ ሳይሆን በሚያልፉበትም ይሠራል። የሚፈቀደው ከአጥንት የተለየ ሥጋ፣ ጭንቅላት የሌለበት ቆዳ፣ አንጎልና ሥጋ ፈጽሞ ያልቀረበት የራስ ቅል ከነቀንዱ ነው። እዚያው በመጋዝ የራስ ቅሉን ጣሪያ ከነቀንዱ ቁረጡት፣ የውስጡን ሽፋን ፍቃችሁ አጽዱት፤ የግማሽ ሰዓት ሥራ ነው። በተቃራኒው ቸኩላችሁ የማይቆረጥ ነገርም አለ፦ ብዙ ቦታ የእንስሳው ጾታ ማስረጃ በሥጋው ላይ እንደተያያዘ እስከ ቤት ወይም እስከ ሥጋ አዘጋጁ እንዲደርስ ይጠየቃል። የአደን ፈቃዱም መለያ ከሥጋው አይለይ።

መኪናም ቢሆን መሣሪያን በተመለከተ ከሕግ አያስመልጥም። አውሮፕላን የመነሻና የመድረሻን ሕግ ይዞ ይሄዳል፤ መኪና ደግሞ በየመሐሉ ያለውን ሁሉ ይረግጣል። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ በ1986 የወጣው የፌዴራል ሕግ መንገደኛውን የሚጠብቀው መሣሪያው ያልጎረሰና ከተሳፋሪው ክፍል የማይደረስበት ሲሆን ነው። ስለዚህ መቀርቀሪያው ወጥቶ፣ ካዝናው ባዶ ሆኖ፣ በተቆለፈ ሳጥን፣ ጥይቱ በሌላ ሳጥን። የአገር ድንበር ያለበት ጉዞ ሌላ ጉዳይ ነው፦ በአውሮፓ ኅብረት የአውሮፓ የመሣሪያ ፓስፖርት፣ ደቡብ አፍሪካ ለመግባት ኤስኤፒኤስ 520 የተባለው የጊዜያዊ ማስገቢያ ማመልከቻ ይጠየቃል፣ ሥጋ ማስገባትም ብዙ ጊዜ ጭራሽ አይፈቀድም።

በየትኛውም መንገድ ብትደርሱ ጠመንጃውን ሳትሞክሩ ጫካ አትግቡ። ከቤት ሳትነሡ የስኮፑን (የማነጣጠሪያ መነጽሩን) ማሰሪያ ብሎኖች አምራቹ በጻፈው ልክ በቶርክ መፍቻ አጥብቁ፤ ለቀለበቶቹ በአብዛኛው 2 ኒውተን ሜትር ገደማ ነው። ከዚያ በነጭ ቀለም ከብሎኑ ራስ ወደ ቀለበቱ የምትሻገር ቀጭን መስመር አስምሩ። ስትደርሱ መስመሯ ከተሰበረች ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው፤ ባትሰበርም ስኮፑ ውስጡ ሊናጋ ስለሚችል በ100 ሜትር 3 ጥይት ተኩሱ። በሩብ የማዕዘን ደቂቃ (አንድ ደቂቃ የዲግሪ 1/60ኛ ነው) በሚስተካከል ስኮፕ የማስተካከያው አንድ ጠቅታ በ100 ሜትር 7 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ 6 ሴንቲ ሜትር ከሳተ 8 ጠቅታ። ጠጠር መንገድ ላይ 200 ኪሎ ሜትር የተንቀጠቀጠ ጠመንጃ፣ ከሻንጣ ማመላለሻ ከወደቀው ባልተናነሰ ሊስት ይችላል።

አውሮፕላን የሚሻልበት ሁኔታ የለም ማለት አይደለም። ርቀቱ ከ2,500 ኪሎ ሜትር ካለፈ፣ መሐሉ ባሕር ከሆነ፣ ዕረፍቱ አንድ ሳምንት ብቻ ከሆነ፣ ወይም የሚታደነው ወፍ ወይም ትንሽ እንስሳ ሆኖ ሥጋው በአንድ ቦርሳ የሚገባ ከሆነ ብረሩ። ብቻውን የሚሄድ አዳኝም ለ1,900 ኪሎ ሜትር ቢበር ይሻለዋል፤ የነዳጁን ወጪ የሚጋራው፣ መሪውንም የሚቀበለው የለምና። የመኪና ወጪ ሰው በጨመረ ቁጥር ይከፋፈላል፤ የአውሮፕላን ወጪ ይባዛል። የሠለጠነ የአደን ውሻ ካለ ደግሞ ክርክሩ በአብዛኛው እዚያው ያልቃል፦ አየር መንገዶች በሙቀትና በብርድ ወቅት ውሻ በጭነት ክፍል የማይቀበሉበት ጊዜ ብዙ ነው።

የምትበሩ ከሆነ ትራንዚት ላይ ሻንጣ ወጥቶ እንደገና የሚገባበትን፣ በተለይ ሌሊት የሚያሳድረውን ቲኬት አትግዙ፤ መሣሪያችሁን እጃችሁ ላይ ይዛችሁ የማታውቁት ከተማ ሕግ ሥር ትወድቃላችሁ። በረራዎቹን ሁሉ የሚያበር አንድ አየር መንገድ ይሁን፣ መሣሪያ መያዛችሁን ቲኬቱ ሲቆረጥ አሳውቁ፣ ማረጋገጫውንም በጽሑፍ ያዙ። ሳጥኑ ጥጉ ሲጎተት እጅ የማያስገባ ጠንካራ ይሁን፤ በሁለት ቁልፍ ብቻ የሚዘጋ ረጅም ሳጥን ጫፉ ይከፈታልና በየቀዳዳው ሁሉ ቁልፍ አድርጉ። የሚከራይ መኪና ውል ደግሞ ከአስፋልት መውጣትን የሚከለክል አንቀጽ አብዛኛውን ጊዜ አለበት፤ ሳትፈርሙ አንብቡት፣ ጫካ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳ ኢንሹራንሱ አይሸፍናችሁም።

አንዱ መኪና ይንዳ፣ ሁለታችን እንብረር የሚለውን አማካይ መንገድ አልመክርም። ሥጋውን ይፈታል፤ የደከመውን ሰው ግን ብቻውን መንገድ ላይ ይጥለዋል። ሦስታችሁም በመኪና ሂዱ፣ ተሳቢ ያዙ፣ በ6ኛው ቀን ማታ አደኑን አቁሙ፣ ስትሄዱም ስትመለሱም መሐል ላይ እደሩ። ከሦስታችሁ አንዱ ከቀረ ዕቅዱ እንዳለ ይቀጥል፤ ሁለት ከቀሩና ብቻህን ከሆንክ ግን ቲኬት ቁረጥ፣ ኤልኩንም እዚያው ለሥጋ አዘጋጅ ሰጥተህ በጥልቅ ማቀዝቀዣ ደርቆ በጭነት ድርጅት እንዲላክልህ ከመነሣትህ በፊት ተዋዋል፤ አለዚያ በወቅቱ አጋማሽ ማቀዝቀዣዎቻቸው ሞልተው ሊመልሱህ ይችላሉ።